ሙዚየሙ ያሳየዎት ቅጂ እንጂ ፎርጅድ አይደለም

ጥያቄ፦ «አጎቴ መርከበኛ ነበር። ሲያርፍ አንድ ካርቶን ሙሉ ድንጋይ ትቶልን ሄደ። ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ለሁለት ተቆርጦ የተወለወለ ድንጋይ አለ። ግራጫ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ ትልቅ ሦስት አፅቄ የሚመስል ነገር፣ ከነመንጋጋው ያለ ትልቅ ጥርስ፣ እንቁላል የሚመስል ድቡልቡል ድንጋይ፣ ከዓባይ በረሃ የተነሳ ዛጎል ያለበት ድንጋይ፣ እንዲሁም ‹አፋር› በሚል ወረቀት የተጠቀለለ ከባድ ቡናማ አጥንትም አለ። እውነተኛ መሆናቸውን እንዴት ልወቅ? ልጄን ይዤ ብሔራዊ ሙዚየም ስሄድ የሉሲ አጥንት ራሱ ኮፒ ነው ተባልኩ። ሙዚየሙ ፎርጅድ ካሳየ እኛ ምን እንመን? ካርቦን ላስመረምራቸው አስቤያለሁ። የት ይሠራል? ዋጋስ ያወጣሉ?»

መልስ፦ ካርቦን አያስመርምሩ። ገንዘብዎን ይበላል እንጂ ምንም አይነግርዎትም። ካርቦን 14 የሚባለው ዘዴ የሚሠራው ዕድሜው እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ለሆነ ነገር ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚለካ ካርቦን አይቀርም ማለት ይቻላል። በገለጹልኝ ካርቶን ውስጥ ያለው አብዛኛው ዕቃ ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው በሚሊዮን፣ ሲብስም በመቶ ሚሊዮን ዓመት ነው።

ብዙ ሰው የድንቅነሽ ዕድሜ የታወቀው አጥንቷ ተመርምሮ ይመስለዋል። አይደለም። የተለካው የተገኘችበት ቦታ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በጣም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ መቼ እንደወረደ ይታወቃል። ከአመዱ በታች ያለው አጥንት በዕድሜ ከአመዱ ይበልጣል፣ ከላይ ያለው ያንሳል። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል የምንለው በዚህ መንገድ ነው።

ከየት እንደተነሳ የማይታወቅ አጥንት ዕድሜውም ሳይታወቅ ይቀራል። ያነሳው ሰው ቦታውን ካልጻፈ፣ የትም አገር ያለ ላብራቶሪ ያንን መረጃ መልሶ አያመጣውም። ስለዚህ ከካርቶኑ ውስጥ እኔ ውድ የምለው «አፋር» የሚለውን ወረቀት ነው። ቀን፣ የወንዝ ወይም የመንደር ስም ካለበት እሰየው። ድንጋዮቹን ሲያጸዱ ወረቀት መጣል የተለመደ ነው፤ እርስዎ እንዳያደርጉት።

አመዱም ቢሆን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ኬቢኤስ የተባለ የአመድ ንብርብር 2.6 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል ተብሎ ነበር። ከሥሩ የተገኘ የጥንት ሰው ራስ ቅል ስለነበር ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። አመዱ ያረጀ ከሆነ የእኛ የሰዎች የዘር ሐረግ ታሪክ እንዳለ ይቀየራል። ነገሩን ያጋለጡት የአሳማ ጥርሶች ናቸው። በእኛው በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ዕድሜያቸው በደንብ በታወቀ ንብርብሮች ውስጥ ብዙ ጥንታዊ አሳማዎች ተገኝተው ነበር። የጥርሶቻቸው ርዝመትና ቅርጽ በየዘመኑ እየተለወጠ ይሄዳል። ከኬንያዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የኬንያው አመድ ከተባለው ዕድሜ በጣም እንደሚያንስ ታየ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ አመዱ እንደገና ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። የአሳማ ጥርስ ላብራቶሪን ረታ። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሙያ በጣም የምወደው ታሪክ ይህ ነው። የእርስዎ የአፋር አጥንትም የሰው ዘር ሳይሆን የአሳማ ወይም የጉማሬ ሆኖ ቢገኝ እንዳያዝኑ።

አሁን ወደ ሙዚየሙ እንሂድ። ያዩት ቅጂ ነው። ቅጂ ማለት ከእውነተኛው አጥንት ላይ ቅርጽ ተወስዶ፣ ስንጥቁና ጭረቱ ሳይቀር ተቀርጾ የሚወጣ ነው። ቅጂ መሆኑም አይደበቅም፤ እርስዎም የሰሙት እዚያው ነው። ፎርጅድ የሚባለው «እውነተኛ ነኝ» ብሎ የሚያታልለው ነው። ዋናዋ ድንቅነሽ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ በካዝና ትቀመጣለች። አጥንቶቿ ተሰባሪ ናቸው፤ መብራቱ፣ የአየሩ እርጥበትና የሰዉ ግፊያ በየቀኑ ይጎዷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ የቆየችው እውነተኛዋ ነበረች። ያኔ ብዙ ባለሙያዎች «ለምን ትንቀሳቀሳለች?» ብለው ተቃውመዋል። በ2025 ደግሞ ሰላም ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ፕራግ ሄዳ ታይታለች።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ለንደን ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ትውልድ ሁሉ አንጋጦ ያየው ዲፒ የተባለው ዳይኖሰር ከጄሶ የተሠራ ቅጂ ነው። ቺካጎ ያለችው ሱ የተባለችው ቲ ሬክስ ዳይኖሰር አካሏ እውነተኛ አጥንት ነው፤ አንገቷ ላይ የተቀመጠው ጭንቅላት ግን ቅጂ ነው። እውነተኛው በጣም ስለሚከብድ ለብቻው መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ተመራማሪዎችም ቢሆኑ አብዛኛውን ልኬት የሚሠሩት በቅጂና በኮምፒውተር ምስል ነው። ድንቅነሽ አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሲቲ ስካን ተነስታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የትከሻዋና የጉልበቷ ምስል በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ለሕዝብ ተለቋል። ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ያለው ትምህርት ቤት ጉልበቷን አትሞ ለተማሪ ማስጨበጥ ይችላል። ለልጅዎ ከመስታወት ጀርባ ከሚያዩት አጥንት ይልቅ ይህ ብዙ ያስተምራታል።

ሙዚየም በእውነት የተሸወደበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 እንግሊዝ ውስጥ ፒልትዳውን በተባለ ቦታ የጥንት ሰው ራስ ቅል ተገኘ ተባለ። በ1953 ጉዱ ወጣ። የራስ ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው የኦራንጉታን ዝንጀሮ ነበር። ጥርሶቹ በሞረድ ተሞርደዋል፤ አጥንቱም ያረጀ እንዲመስል ቀለም ተነክሯል። አርባ ዓመት ያህል ታላላቅ ሊቃውንትን አሳስቷል። ያን ያህል የቆየበት አንዱ ምክንያት ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ብዙ ተመራማሪ ቅጂውን ብቻ ማየቱ ነው። ቅጂ ቅርጽን ይነግራል፤ የሞረድ ምልክትና የቀለም ንክር ግን በዋናው ላይ ነው የሚታየው። ስለዚህ ስለ ቅጂ ከጠየቁኝ፣ የሚያሳስበኝ ባለሙያ ሲጠይቅ ዋናው ይከፈትለታል ወይ የሚለው ነው።

ወደ ካርቶኑ ልግባ። ሳላያቸው እርግጠኛ መልስ አልሰጥም፤ ፎቶ ቢልኩልኝም ቁርጡን አልናገርም። ግን ከገለጻዎ ተነስቼ ምን ማየት እንዳለብዎ ልንገርዎ።

የተጠቀለለው ድንጋይ አሞናይት ነው የሚመስለው። ቀንድ አውጣ አይደለም፤ የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው። ለሁለት የተቆረጠው ፊቱ ላይ በግድግዳ የተከፋፈሉ ጓዳዎች ካዩ ነገሩ አለቀ። ቀንድ አውጣ ጓዳ የለውም። ተቆርጠው ተወልውለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ከማዳጋስካር የሚመጡ፣ 110 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ናቸው። በገፍ ስለሚገኙ ማንም ለማጭበርበር አይደክምባቸውም። እውነተኛ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሦስት አፅቄ የሚመስለው ላይ ግን ይጠንቀቁ። ስሙ ትራይሎባይት ነው። ሦስት አፅቄ አይደለም፤ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈጽሞ የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ከሞሮኮ ነው፤ እዚያ እነዚህን ከድንጋይ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት ትልቅ የእጅ ሙያ ነው። ባለሙያው ድንጋዩን በመዶሻ ሰንጥቆ መስመሩን ያያል፣ መልሶ በሙጫ ያጣብቃል፣ ከዚያ በቀጭን መሣሪያ ቀናት ወስዶ ይቆፍራል። ለዚህ ነው በድንጋዩም በእንስሳውም ላይ አቋርጦ የሚያልፍ የተጣበቀ ስንጥቅ ሲያዩ ደስ ሊልዎ የሚገባው። ሰው ሲያየው የተሰበረ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ስንጥቅ የሌለው፣ እንከን የማይወጣለት ትራይሎባይት ሳይ ነው የምጠረጥረው። የሐሰቱ ሬዚን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተለውሶ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል። አጉሊ መነጽር ይያዙና ትንንሽ የአየር አረፋ ቀዳዳዎችን ይፈልጉ። ዓይኑንም ይዩ። ትልልቅ ዓይን ያላቸው ዝርያዎች ዓይናቸው በተርታ በተደረደሩ ጥቃቅን ምስሪቶች የተሞላ ነው፤ የሐሰተኛው ዓይን ብዙ ጊዜ ድፍን ነው። ሌላው ቀላል መፈተሻ ሱቅና ባንክ ውስጥ የብር ኖት የሚያዩበት ሐምራዊ መብራት ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩበት። ሙጫና ቀለም ከድንጋዩ በተለየ ሁኔታ ያበራሉ። በሁለትና ሦስት ቦታ ጥገና ብቻ ከታየ ችግር የለውም፤ የተጠገነ እውነተኛ ነው። ሙሉው እንስሳ ካበራ ግን የሰው ሥራ ነው።

ጥርሱ ምናልባት የሞሳሶር ሊሆን ይችላል። እሱም ዳይኖሰር ሳይሆን በባሕር የሚኖር ግዙፍ ተሳቢ እንስሳ ነው። ሞሮኮ ውስጥ ኹሪብጋ አካባቢ ባሉ የፎስፌት ማዕድን ማውጫዎች ጥርሱ በብዛት ይገኛል። «ከነመንጋጋው» ማለትዎ ነው ያሳሰበኝ። የተለመደው ዘዴ እውነተኛ ነጠላ ጥርሶችን ወስዶ በአሸዋና በሙጫ በተሠራ መንጋጋ ላይ መትከል ነው። ጥርሱ ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አሸዋው ልክ እንደ ልስን ተቀብቶ ከታየ፣ ወይም ጥርሶቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ከዞሩ፣ መንጋጋው ውሸት ነው። ጥርሱን ግን አይጣሉት።

«እንቁላሉ» በጣም በጣም ሊሆን የሚችለው ተራ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። መሬት ውስጥ ማዕድን በአንድ ፍሬ ነገር ዙሪያ እየተጠራቀመ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ ይሠራል። እውነተኛ የዳይኖሰር እንቁላል ከላይ ሚሊሜትር የሚለካ ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ጉብታዎች በአጉሊ መነጽር ይታያሉ። ቅርፊት ከሌለ እንቁላል የለም።

የዓባይ በረሃው እውነተኛ ስለመሆኑ አልጠራጠርም፤ እሱን አስመስሎ የሚሠራ ሰው የለማ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሄደ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ያንን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል አይቶታል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ ያ አገር ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። ትግራይ ውስጥ አንታሎ አካባቢ ያለውም የዚያው ባሕር ትራፊ ነው። ከላይ የተጫነው ጥቁር ድንጋይ በጣም ቆይቶ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ዛጎሉን የኖኅ ዘመን ውኃ ያመጣው ነው ሲባል እሰማለሁ። ከማንም እምነት ጋር ሙግት አልገጥምም፤ ግን ንብርብሩ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ውፍረት አለው። እንስሳቱ በኖሩበት ቦታ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ፣ እየሞቱ የተከማቹበት ነው። ዛጎሉ ሁለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል እንዲህ ይለዩት። አንዱን ክዳን ፊት ለፊት ሲያዩት ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ የሚባለው ነው። ግራና ቀኙ የተዛባ ሆኖ ሁለቱ ክዳኖች ግን እንደ መስታወት ምስል ከተመሳሰሉ፣ ዛሬም ባሕር ውስጥ የሚኖረው ክላም የተባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ዘመድ ነው። ይህን አንዴ ከለመዱ የትኛውም ሙዚየም ውስጥ ገብተው ጽሑፉን ሳያነቡ መለየት ይችላሉ።

አጥንቱን የመጨረሻ ያደረግኩት ከሁሉም የተለየ ስለሆነ ነው። አፋር ውስጥ ሐዳር፣ ዲኪካ፣ መካከለኛው አዋሽ አሉ። ድንቅነሽ፣ ሰላም፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ የተባለችው አጽም፣ ሁሉም የወጡት ከዚያ ነው። የአጎትዎ አጥንት የሰው ዘር የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ከዚያ አፈር ከሚወጣው አብዛኛው አጋዘን፣ አሳማ፣ ጉማሬ፣ ዝሆንና ዝንጀሮ ነው። ቢሆንም ይህ ዕቃ የእርስዎ አይደለም። ይቅርታ፣ በግልጽ መናገር ይሻላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። አጎትዎ ያነሱት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ያ አሁን በእጅዎ ማቆየትን ትክክል አያደርገውም። በተለይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ላኩልኝ፣ እዚህ አስመረምረዋለሁ» ቢልዎ እሺ እንዳይሉ። ኤርፖርት ላይ ከተያዘ የማስረዳቱ ጣጣ የእርስዎ ነው።

ቤት ውስጥ ስለሚደረጉ ሙከራዎችም ልበል፤ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ምላስ ላይ ቢጣበቅ እውነተኛ ነው ይባላል። ቀዳዳ ያለው ነገር ሁሉ ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ የሸክላ ስባሪም ይጣበቃል። ዕቃው ላይ ምን መድኃኒት እንደተቀባ ስለማይታወቅም አይላሱት። በእሳት አቃጥለው አያሽትቱ። ኮምጣጤ ውስጥ አይንከሩ፤ የኖራ ድንጋይ በኮምጣጤ ይበላል፣ ዛጎልዎ እየፈላ ያልቃል። ቫርኒሽና የጥፍር ቀለም አይቀቡ። አይጠቡ፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማንሳት በቂ ነው። እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ አሞናይት ካለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ያ ማዕድን እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት እየተፋ ድንጋዩን ያፈርሳል።

ዋጋን በተመለከተ፦ አሞናይቱና ትራይሎባይቱ የቤት ጌጥ ዋጋ ያወጣሉ፣ ከዚያ አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ ስቴጎሶረስ የተባለ ዳይኖሰር አጽም በ44.6 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ብዙ ሰው ጓዳውን እንዲፈትሽ አድርጓል። የእርስዎን ካርቶን አይመለከትም። የሚመለከትዎ ሌላኛው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው ኒው ዮርክ ከሞንጎሊያ በሕገወጥ መንገድ የወጣ ታርቦሶረስ የተባለ ዳይኖሰር አጽም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጫርቶ ነበር። የሞንጎሊያ መንግሥት ጠየቀ፣ አጽሙ ተያዘ፣ በ2013 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ያመጣው ነጋዴም ታሰረ። የአፋሩ አጥንት ገዥ ቢያገኝ እንኳ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዱን ዕቃ ከማስመሪያ ጋር አስቀምጠው ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። ስለ አጎትዎ ጉዞ ከቤተሰብ የሚያስታውሱት ካለ፣ የት ወደብ፣ በየትኛው ዓመት፣ ይጻፉ። ገና ትኩስ ትዝታ ያለው ሰው እያለ ነው ይህ የሚሆነው። ከውጭ የተገዙትን ይያዙ፣ ይደሰቱባቸው፣ ለልጅዎ ትምህርት ቤት ቢያበድሩም ጥሩ ነው። የዓባዩንና የአፋሩን ግን ይዘው አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ይሂዱና የቅርስ ባለሥልጣን ባለሙያዎችን ያግኙ። የዓባዩን ዓይተው ምናልባት ይመልሱልዎት ይሆናል፤ ውሳኔው የእነሱ ይሁን። አጥንቱን በተጠቀለለበት ወረቀት እንዳለ፣ ከዙሪያው ያለውን አፈር ሳያራግፉ፣ በጥጥ ደልድለው በጠንካራ ሳጥን ያድርሱ። ሲያስረክቡ ቀኑና የዕቃው ዝርዝር ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት የርክክብ ወረቀት ሳይቀበሉ እንዳይወጡ። መዝገቡ ላይም ያገኘው ሰው በሚለው ቦታ የአጎትዎን ስም ያስጽፉ።